የአሥራ ሁለተኛው ግጥም ባለቤት

አያ ፈንታ ማረፋቸውን የሰማሁት ከሰው አፍ ሳይሆን ከስልኬ ነው። ጠዋት ሥራ ቦታዬ ቁጭ ብዬ ስልኬን ብከፍተው አንድ የማላውቀው ገጽ ላይ ፎቷቸው ወጥቷል። ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከግርጌው የነበረው የቪዲዮ ቤታችን ስም ተቆርጦ ቀርቷል፤ ከጀርባው የአንድ ታዋቂ ዘፋኝ እንጉርጉሮ ተለጥፎበታል፤ የኀዘን መግለጫው ደግሞ ከሌላ ሟች ላይ እንዳለ የተገለበጠ ስለሆነ አያ ፈንታን «የሦስት ልጆች እናት» ይላቸዋል። አለቀስሁ። እያለቀስሁም ሳቄ መጣ፤ ሰውየው ይህንን ቢያዩ ከሬሳ ሣጥናቸው ቀና ብለው «ማን ፈቀደ?» ሳይሉ አይቀሩም ነበር።

«ማን ፈቀደ?» የአያ ፈንታ ሰላምታ ነበረች ማለት ይቻላል። ሌላው ሰው «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ይገባል። እሳቸው ግን መጀመሪያ ጆሯቸውን ወደ ኮምፒውተሬ ያቀናሉ፤ የማቀናብረው ሠርግ ላይ ዘፈን ከሰሙ «የሺ፣ ይህንን ማን ፈቀደ?» ይሉኛል። ጤናዬን የሚጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራቸው ራፖር ጸሐፊነት ነው። ጎንደር ፍርድ ቤት አጠገብ፣ ከእኛ ቪዲዮ ቤት ጋር ግድግዳ በምትጋራ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ዕድሜዋ ከአባቴ በሚበልጥ የጽሕፈት መኪና የባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ትውልዳቸው ድብ ባሕር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቀይ እስክሪብቶና ማስመሪያ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ፍቺ፣ ውርስ፣ ቀለብ፣ የድንበር ክርክር፤ የአገሬው ጠብ ሁሉ በእሳቸው ጣት አልፏል። ሚስት ግን አላገቡም። ምነው ሲሏቸው «አመልካች አልቀረበም» ብለው ያልፉታል።

ከቪዲዮ ጋር ያገናኛቸው በሬ ነው። ስልክ የያዘ ሁሉ ቻናል የሚከፍትበት ዘመን ነበርና አለቃዬ ጌትነትም የምንቀርጻቸውን ሠርጎች ቻናላችን ላይ መጫን ጀምሮ ነበር። ቻናሉን ስለሰጠን ኩባንያ ደንብ የምናውቀው፣ መጨረሻው ላይ «እስማማለሁ» የሚል ሰማያዊ ቁልፍ መኖሩን ብቻ ነው። አንድ ቀን ታዲያ የአንድ ትልቅ ሠርግ ቪዲዮ ከቻናሉ ላይ ተነሣብን። ምክንያቱ «ጭካኔ የተሞላበት ይዘት» ይላል። ብንፈልግ ብናስፈልግ ለሠርጉ ከታረደው በሬ በቀር ጭካኔ አላገኘንም። ጌትነት ሲጮኽ አያ ፈንታ በግድግዳው ሰምተው መጡ።

«ክሱን አሳዩኝ።»

አሳየኋቸው።

«ሕጉስ የታለ?»

«ሕጉን አንብበነው አናውቅም፣ አያ ፈንታ።»

«ሳታነቡ ነው የተስማማችሁ?»

«ሁሉም ሰው እንደዚያው ነው» አለ ጌትነት።

«ሁሉም ሰው ከሆነማ ሁሉም ሰው ይከሰሳል።»

ደንቡን በሙሉ በወረቀት አትሜ እንድሰጣቸው አዘዙኝ። ወረቀቱ ሲደራረብ የጽሕፈት መኪናቸውን አክሎ ነበር። መዝገበ ቃላት ከፍተው፣ በማስመሪያ እያሰመሩ ሁለት ሳምንት አነበቡት። በጎንደር ከተማ ያንን ደንብ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሌላ ሰው ስለመኖሩ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ከዚያ ኩባንያውን ተጠሪ፣ ጌትነትን አመልካች አድርገው አራት ገጽ አቤቱታ ጻፉ። በሬው የታረደው በጭካኔ ሳይሆን በደስታ ስለመሆኑ፣ አራጁም አስቀድሞ በስሙ እየጠራ ያባበለው ስለመሆኑ፣ ሥጋው ለድሃም ጭምር ስለመታደሉ፣ አንድም አልቀራቸው። ችግሩ የኩባንያው የአቤቱታ መጻፊያ ሣጥን ከጥቂት መስመር በላይ አይቀበልም። አራቱን ገጽ በሦስት መስመር እንግሊዝኛ አሳጥሬ ላክሁት። መልሱ አያ ፈንታ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ደረሰ፤ ውድቅ ነው።

«በዚህች ቅጽበት? መዝገቡን ሳይመረምር?»

«ማሽን ነው የሚመልሰው፣ አያ ፈንታ።»

ከልባቸው አዘኑ። ዕድሜ ልካቸውን ዳኛ ሲቆጣ፣ ሲያዛጋ፣ ቀጠሮ ሲያራዝም አይተዋል። ሳያነብ የሚፈርድ ግን ገና አላጋጠማቸውም ነበር። ቢሆንም «ተከራክረን ካልረታን እናክብረዋ» አሉና አዲስ ሥርዓት አወጡልን። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቪዲዮ በሬ በእግሩ ይገባል፣ በሳህን ይወጣል፤ በመካከሉ ምን እንደደረሰበት አይታወቅም።

የቅጂ መብቱ ነገር ግን እንደ በሬው አልቀለለም። ጌትነት ሙሽራ ስትገባ የታዋቂ ዘፋኝ ዘፈን ካልለቀቀ የሠራ አይመስለውም። ከሥሩ «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ ከጻፈ የተጠበቀ ይመስለዋል። አያ ፈንታ ይህችን ባነበቡ ቁጥር ያማቸዋል።

«አንተ ሰው፣ የጎረቤትህን በግ አርደህ ቆዳው ላይ "በጉ የጎረቤቴ ነው" ብለህ ብትጽፍ፣ በራስህ ላይ መሰከርህ እንጂ ምን ተጠቀምህ?»

«አጭር እኮ ነው፣ አያ ፈንታ። ከሠላሳ ሰከንድ በታች ከሆነ አይነኩም ይላሉ።»

«ማነው ባዩ?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው የሚባል አንቀጽ አላነበብሁም።»

ጌትነት ሳቀባቸው። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ማስጠንቀቂያ ተቀበለ። ሦስተኛ ከመጣ ቻናሉ ከነሠርጎቹ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ፤ አያ ፈንታም ያለ ደመወዝ የሕግ ክፍላችን ሆኑ።

እንፍራንዝ ላይ የአያ ደምለውን ልጅ ሠርግ ልንቀርጽ ስንሄድ አብረውን የሄዱት በዚህ ሹመታቸው ነው። ዳሱ በር ላይ ቆመው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ «በዚህ ዳስ ውስጥ የምትገኙ ሁሉ ምስላችሁና ድምፃችሁ የሚቀረጽ መሆኑን አውቃችሁ...» እያሉ የጻፉትን ማስታወቂያ ሲያነቡ ሠርገኛው ፍርድ ቤት መጥሪያ ያመጣ መስሎት ግማሹ በጓሮ ሊወጣ ነበር። በዚያ ሠርግ ማሲንቆ የያዘው አዝማሪው አለባቸው ነው። እንደ ወጉ ታዳሚው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ሲሰጠው እሱ በዜማ እየመለሰ ዳሱን አናወጠው። ደጋሹን የሚወጋው እንኳ አልቀረም፦

የአያ ደምለው ጠላ ስሙ ገነነ፣
ጌሾው አገር ለቆ ውኃው ሹም ሆነ።

ወደ ማብቂያው ላይ ደግሞ አንድ ሰው ከኋላ ጠጋ ብሎ በጆሮው የነገረው ግጥም መጣ። ካሜራዬ ሙሽሮቹ ላይ ስለነበር ሰውየውን አልቀረጽሁትም።

ስለ ሰው ስናገር ደጅ ለደጅ ዞሬ፣
ስለ ራሴ ሳልል መሸብኝ ዛሬ።

ሠርገኛው ዋንጫውን አስቀመጠ። አለባቸውም ሳይጠየቅ ሁለት ጊዜ ደገመው። ቪዲዮውን ከነአለባቸው ስልክ ቁጥር ስንጭነው ሰው የወደደው ያችን ግጥም ነው። እሷን እየሰማ ይደውልለት ጀመር። ዕድሜውን ሙሉ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሲዞር የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የጥር ሠርጎቹን ከወዲሁ ያዘ።

ቪዲዮው የተነሣው በዚህ መሐል ነው። ቦታው ላይ የማክሰኝቱ ዘላለም ሙዚቃ ቤት የባለቤትነት ጥያቄ ስላቀረበ መወገዱን የሚናገር ጽሑፍ ተተከለ። የሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ዘላለም የእኛን ቪዲዮ አውርዶ፣ ድምፁን ቆርጦ፣ የራሱን ምልክት ለጥፎ ከጫነው በኋላ ሰረቃችሁኝ ብሎ ከሶናል። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው። ቻናሉ ሊዘጋ ሰባት ቀን ተሰጠን። አለባቸው ማሲንቆውን እንዳንጠለጠለ መጣና ወንበር ላይ ወደቀ። ሁለት ሠርግ ተሰርዞበታል፤ የሰው ዘፈን የሚሰርቅ አዝማሪ ነው ተብሏል።

«የገዛ አፌን ሰረቅህ አሉኝ፣ አያ ፈንታ። ነገ ማን ደጁ ያስገባኛል?»

ደንቡ የመከላከያ መልስ ይፈቅዳል፤ ሥራው የራሴ ነው ብሎ በእውነት ማረጋገጥ ብቻ ነው። ጌትነት ቁልፉን ሊጫን ሲል አያ ፈንታ እጁን ያዙት።

«አለባቸው፣ የራሴ ነው ብለህ ትምላለህ?»

«እምላለሁ እንጂ! ማሲንቆው የኔ፣ ድምፁ የኔ።»

«ግጥሙስ?»

አለባቸው ማሲንቆውን ከትከሻው አወረደ።

«ግጥሙንማ ሰው ነው የሰጠኝ።»

«የሰጡህ ሰዎች ፈቅደውልሃል?»

«ሠርግ ላይ ማን ፈቃድ ይጠይቃል?»

«እንግዲያ እኔ በሐሰት ማመልከቻ አልጽፍም። ባለግጥሞቹ ይፈርሙ።»

ጌትነት ጸጉሩን ነጨ። ሌባው ሳያፍር ምሎ የእኛ ሰው ደግሞ ለእውነቱ ምስክር ሊቆጥር ነው። እኔም በልቤ ረግሜያቸዋለሁ፤ አልዋሽም። ነገር ግን በማግስቱ ላፕቶፔን ይዤ ከእሳቸውና ከአለባቸው ጋር ጌትነት በሚነዳት መኪና እንፍራንዝ ወረድን።

ግጥሞቹ አሥራ ሁለት ናቸው። አያ ደምለው ግቢ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እያሰማሁ ባለቤቱን እንጠይቃለን። አያ ፈንታ ቅጹን ይሞላሉ፣ ባለግጥሙ ይፈርማል፣ እኔ በምስክርነት እፈርማለሁ። ቀላል መስሎን ነበር። አንዱን ሸጋ ግጥም ሁለት ወንድማማቾች የኔ ነው ተባባሉና ሊደባደቡ ደረሱ። የጠላውን ግጥም ደግሞ ሁሉም አላልሁም አለ። አያ ደምለው ራሳቸው «የምን ፍርሃት ነው፣ ሠርግ እኮ ነው!» ብለው እንደማይቆጡ ከማሉ በኋላ የገዛ ሚስታቸው ወንድም እጁን አወጣ። አያ ደምለው ሳቁ፤ ሲስቁ ግን ጥርሳቸው አልታየም።

አሥራ ሁለተኛዋን ሳሰማ ጉድ ፈላ። ሰባት ሰው «የኔ ናት» አለ። አያ ፈንታ ቀና ሳይሉ ሰባቱንም መለሷቸው።

«እንዴት አወቁ?» አለ አንዱ ተቆጥቶ።

«ፊትህ ላይ የለም።»

አለባቸው ማን እንደሰጠው ሲጠየቅ የዛፉን ቅጠል ይቆጥራል። የአያ ደምለው እኅት እትዬ ትርንጎ፣ የራሳቸውን ግጥም ፈርመው የጨረሱ፣ ከጥግ ሆነው «የሰጠው ሰው ምነው ይደበቃል? እንደ ሌላው ይፈርማ!» አሉ።

«ይፈርማል» አሉ አያ ፈንታ፣ እስክሪብቶአቸውን ከመሬት እያነሡ።

እኛን ወደ መኪናው ሂዱ አሉን፤ አንድ ወረቀት ቀርታቸዋለች። ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ጌትነት ጥሩንባ ቢነፋ ቢነፋ አልመጡም። ሲመጡ ጌትነት ተናዶ የመኪናውን ዘፈን እስከ ጣሪያ ከፈተው፤ አያ ፈንታ እስከ ማክሰኝት በመስኮት እያዩ ሄዱ እንጂ ማን ፈቀደ አላሉም። ታመው ይሆን ብዬ ሠጋሁ።

በሚቀጥለው ቀን መልሱን አስጻፉኝ። «አሥራ ሁለተኛው ባለግጥም ፈቃዱን ፈርሞ ያስረከበ ሲሆን ስሙ እንዳይገለጽ ጠይቋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረበት። ማን ነው ብንላቸው «የደንበኛ ምስጢር» አሉ። ግን ደንቡ ውስጥ ሌላም ነገር ላይ አስምረው ነበር፤ ከሳሹ ራሱ ክሱን ካነሣ ማስጠንቀቂያው ወዲያው ይሰረዛል ይላል።

«ኩባንያውም ሽምግልና ያውቃል ማለት ነው» አሉ ደስ ብሏቸው።

በስድስተኛው ቀን ማክሰኝት ዘላለም ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ላይ ሦስት ሽማግሌ ቆመ፤ አያ ፈንታ፣ አንድ ቄስና አያ ደምለው። እኔ ስልኬን ይዤ ከኋላ ነኝ። ዘላለም ደንግጦ ወንበር ማስተካከል ጀመረ።

«ግቡ አባቶቼ፣ አረፍ በሉ።»

«ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

ጉዳዩን ሲሰማ ፊቱ ተፈታ፤ ቀላል መስሎት ነው።

«እኔ ከኢንተርኔት ነው ያወረድሁት። ኢንተርኔት ላይ የወጣ የሁሉም ነው።»

«የሁሉም ከሆነ ምነው የኔ ብቻ ነው ብለህ ከሰስህ?» አሉ አያ ፈንታ።

«ቀድሞ የከሰሰ ያሸንፋል ብለውኝ ነዋ!»

አያ ፈንታ አልተከራከሩም። ወደ አያ ደምለው ዞር አሉ። አያ ደምለው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ልጄ፣ ግጥሙም ዜማውም የኔ ነው ብለህ ጽፈሃል አሉ። እውነት ነው?»

«አዎ፣ ጽፌያለሁ።»

«ሸጋ። እኔ ደምለው እባላለሁ።»

ዘላለም አልገባውም። ዘፈኑን ከስልኬ ከፈትሁለት። ጌሾው አገር ለቀቀ፤ ውኃው ሹም ሆነ።

«እንግዲህ ጠላዬን የት ቀመስኸው?» አሉ አያ ደምለው።

ዘላለም ዱላውን አየ፤ ቄሱን አየ፤ በሩን አየ።

«እኔ አላልሁትም! ሌላ ሰው ነው ያለው!»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እዚያ ሠርግ ላይ የነበረ ሰው ነዋ!»

አያ ፈንታ ቀይ እስክሪብቶአቸውን አወጡና «ይመዝገብልኝ» አሉ።

ክሱን እዚያው ሊያነሣ ተስማማ፤ ኔትወርኩ ግን አልተስማማም። ከከተማው ዳር ወዳለች ኮረብታ መውጣት ነበረብን። ዘላለም ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ከፊት፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ከኋላ፣ እኔ ከሁሉም ኋላ። «ተነሣ!» ብሎ ሲጮኽ ያዩት ሰዎች ምን ከመቃብር እንደተነሣ ሊያዩ ሮጠው መጡ። ሽማግሌዎቹ ያን ጊዜ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። አያ ደምለው ዘላለምን ለሚቀጥለው ድግሳቸው ጠሩት፤ መጥቶ ጠላውን ቀምሶ እንዲፈርድ።

ቪዲዮው ተመለሰ። የአለባቸው ስልክ ጥርን ሙሉ አላረፈችም። ከቪዲዮው ሥር የአሥራ አንድ ሰው ስም ተጻፈ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቦታ «ስሙ እንዲገለጽ ያልፈቀደ» ይላል። አያ ፈንታ ግን ጉዳዩን አልዘጉትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ዶሴያቸውን በብብታቸው ይዘው እንፍራንዝ ይወርዳሉ። ክሱ አልቆ የለም ወይ ስንላቸው «መዝገቡ ገና እየተመረመረ ነው» ይሉናል። ጌትነት ሰውየው በሕግ ብዛት አእምሮአቸውን ነካ አደረጋቸው ይል ነበር፤ እኔም አላስተባበልሁም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከቀብራቸው ማግሥት የእኅታቸው ልጅ ያንን ዶሴ አመጣችልኝ፤ የቪዲዮ ቤታችን ስም ተጽፎበታል። አሥራ አንዱ ቅጾች በተራቸው ተሰድረዋል። አሥራ ሁለተኛው ከሁሉም ሥር ነው። በጽሕፈት መኪናቸው እንዲህ ይላል፦ «እኔ ፈንታ ረዳ ከላይ የተጠቀሰው ግጥም የራሴ መሆኑን አረጋግጣለሁ። አቶ አለባቸው በፈለገበት እንዲዘፍነው ፈቅጃለሁ። በሕይወት እያለሁ ስሜ አይገለጽ፤ ከሞትሁ በኋላ ይቻላል።» ቀኑ እንፍራንዝ የሄድንበት ቀን ነው። በምስክር ቦታ ላይ ያለው ፊርማ ግን የኔ አይደለም። ትርንጎ ይላል።

ለእትዬ ትርንጎ ደወልሁ። አጽናናኋቸው፤ ከዚያ የአያ ፈንታን ስም ስጽፍ የምስክሯንም ስም አብሬ ልጽፍ እንደፈለግሁ ነገርኋቸው።

«ማን ፈቀደ?» አሉኝ።

ዶሴውን ገልጬ ባዶ ቅጽ ፈለግሁ።

«በጽሑፍ አምጭውና አንብቤ እፈርማለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ሄድሁ። ጥቁር ለብሰው ከዚያው ዛፍ ሥር አገኘኋቸው።

«የፍቺ ማመልከቻዬን የጻፈልኝ እሱ ነው» አሉኝ። «ልጅ ነበርሁ፣ እሱም ልጅ ነበር። አራት ገጽ ጻፈልኝ፤ ዳኛው ሲያነበው እኔ ለራሴ አለቀስሁ። ያን ዕለት አንድ ነገር ሊናገረኝ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሠላሳ ዓመት ዘጋው።»

«አያ ፈንታ ያን ቀን ወረቀቱን ይዘው ሲመጡስ እርስዎ ምን አሏቸው?»

«ምን እለዋለሁ? ማመልከቻህ ቢዘገይም ተቀብለናል፤ መዝገቡ ይመርመር አልሁት» ብለው ሳቁ። ሳቁና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

ያዘጋጀሁትን ቅጽ ተቀበሉኝ። ከላይ ጀምረው መስመር በመስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፤ ገልብጠው ከጀርባው የተጻፈ ነገር አለመኖሩን አዩ፤ ከዚያ ፈረሙ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ስሞች ከቪዲዮው ሥር አስገባሁ። ሰማያዊው ቁልፍ ብቅ አለ። ከላዩ ያለውን ደንብ ከመጀመሪያው ጀምሬ ማንበብ ያዝሁ። ጌትነት ገብቶ ወጣ፣ ተመልሶ መጣ፣ እኔ ገና ግማሹ ላይ ነኝ።

«ምነው የሺ፣ ተጫኚው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«መዝገቡ እየተመረመረ ነው» አልሁት።